ትርፍ ድንኳን

ያሮን ሦስተኛውን ምሰሶ ጭነት መኪናው ላይ ሲወረውረው ብረቱ ጮኸ። ምናለ አራተኛውን ተሸክሞ የዕቃ ማከማቻው፣ የማሕሳኑ፣ በር ላይ ቆመ።

"ምን ይገትርሃል? ሰውዬው ሠርግ አለበት" አለ ራሕሚም ከጥላው ሳይወጣ።

የልቅሶ ድንኳን ማከራየቱ ሥራ የሦስት ሰው ነው፤ የራሕሚም፣ የካሰችና የምናለ። አሽዶድ፣ ሮቫ አሌፍ ሰፈር፣ ሰው ሲሞት በሕንፃዎቹ መሃል፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ድንኳን የሚተክለው ግን ምናለ ነው። ወንበር የሚደረድረው፣ ሰባቱ የሐዘን ቀን ሲያልቅም ነቅሎ የሚያጥበው እሱው። ትርፍ ሲመጣ የሦስቱም እጅ ይዘረጋል። ዘንድሮ ምናለ ከትርፉ ቀንሶ ሁለተኛ ድንኳን ገዛ፤ ድንኳኑ አንድም ቀን ሳይተከል ከረመ፤ ሰላምም ጠፋ። ትናንት ራሕሚምና ካሰች ተማከሩና ለሠርጉ ለሚፈልገው ለያሮን ሸጡት።

"ለመሆኑ ለማን ነበር የገዛኸው?" አለች ካሰች፣ ወንበር ክምር ላይ እንደተቀመጠች። "የአሽዶድ ሰው ተሰልፎ እንዲሞትልህ ነው? ባዶ ድንኳን ሰው ይጠራል ይላሉ።"

"ይላሉ የምትይው አንቺው ነሽ፣ እታለም።"

"ብልስ? ሟርተኛ!"

ራሕሚም ሳቀ። "እኔ አባቴን ሱዳን ላይ ያለቀስኩት በአንድ ሸራ ነው። ምን ጎደለን?"

ምናለ ምሰሶውን ከትከሻው አወረደ።

የራሕሚም አባት ባረፈበት ቀን የምናለ እናትም በዚያው የሱዳን የስደተኞች መጠለያ አርፋለች። ሸራው አንድ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሳይማከሩ ለራሕሚም አባት ዘረጉት፤ በሬ የነበረው፣ ወገን የነበረው ሰው ነዋ! የምናለ እናት ሸክላ ሠሪ ነበረች። እሱና እህቱ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ሰዉ ወደ ሸራው ሲያልፍ "ያጥናችሁ" ይላቸዋል፣ ሳይቆም። ሞት አያዳላም ይላሉ፤ ለቀስተኛ ግን ያዳላል። ማን ቆመ፣ ማን አለፈ፣ ፊታቸው እስከ ዛሬ አልጠፋውም። ሲሞቱም ወንበር የደረደረላቸው እሱ ነው።

እናቱ ግን አልተወችውም። ማሕሳኑን በከፈተ ቁጥር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ፣ በአዲሱ ድንኳን ጥቅል ላይ ተቀምጣ ያያታል። ተራዋን የምትጠብቅ ትመስላለች። አሁንም ጥቅሉ መኪናው ላይ ወጥቷል፤ እሷም ከላዩ ናት።

"የአሮጌውን ድንኳን ድርሻዬን ተካፈሉት" አለ። "ይኸን ለእኔ ተዉት።"

"ሁለት ለአንድ ነን፤ ተወስኗል" አለ ራሕሚም።

ካሰች ግን ፌዟን አቆመች። "ምን ልትበላ ነው አንተ?"

"ወደ ወደቡ ጥበቃ ሥራዬ እመለሳለሁ።"

"በዚህ ጉልበትህ? ለባዶ ድንኳን?"

"ለባዶ ድንኳን።"

ካሰች ራሕሚምን አየችው። "እኔ ተስማምቻለሁ። ተወው፣ ራሕሚም፤ የዚህ ሰው ነገር ደስ አላለኝም።"

ራሕሚም ምራቁን ጢቅ አለና ፊቱን ወደ ወደቡ አዞረ።

ምናለ መኪናው ላይ ወጣና ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ ወደ መሬት አወረደ። ያሮን ዞሮ መጣ።

"ምንድን ነው ይሄ? ተነጋግረናል እኮ!"

"ተከራይቷል" አለው ምናለ በዕብራይስጥ።

"ለማን?"

ምናለ የጥቅሉን አንድ ጫፍ ያዘ።

"ገና አልታወቀም። በዚያ በኩል አንሣልኝ፤ ቀስ እያልክ።"