በጨለማ የተሰበሰበ እንባ

ክረምቱ በኮሪያ የፖሃንግ ወደብ ላይ ሳያባራ ይዘንባል። ተመራማሪዋ ዳሬ በቤተ ሙከራው ውስጥ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አልነቀለችም። ከሥሩ ጥፍር የምታህል፣ እንደ መስታወት የምታሳይ ቺፕ አለች፤ በቺፗ ውስጥ ከፀጉር የቀጠነ ቦይ፣ በቦዩ ውስጥ የመጨረሻው የእንባ ጠብታ።

እንባው ዓይኑን የታመመ የአንድ ዓሣ አጥማጅ ነው። ሰውዬው ወደ ባሕር ተመልሷል፤ ሌላ ጠብታ የለም። ሕመሙን የሚናገረው ፕሮቲን ጥቂት ስለሆነ ተበታትኖ ሳለ አይታይም። ዳሬ መብራት ሲያርፍበት የሚያበራ ቀለም አጣብቃበት ኤሌክትሪክ ለቀቀች። ውሃው ወደ ፊት ይነዳዋል፤ ኤሌክትሪኩ እንደ አጥር ሆኖ ይመልሰዋል፤ መሄጃ ሲያጣ እዚያው ይከማቻል። ዛሬ ካልታየ ፕሮፌሰሯ ሥራውን ሊዘጉት ነው።

አረንጓዴ ክር ብቅ አለች። ዳሬ ራሷም ከክሯ ጋር በጥልቅ ባሕር የምትንሳፈፍ መሰላት። ቆየት ብሎ ክሯ ደበዘዘች። ፕሮቲኑ እየሸሸ ነው ብላ ኤሌክትሪኩን ልትጨምር እጇን ዘረጋች።

በዚያው ቅጽበት በሥራው የሚቀድማት ጊወን የባሕር ሣር ሾርባ ይዞላት ገባ። የባሕር ሣር በፈተና ቀን ከተበላ አንሸራትቶ ይጥላል ስለሚባል እሷ ምሳዋን ትታው ነበር።

«እጅሽን ሰብስቢ። መብራቱን ዘግተሽው ታውቂያለሽ?»

«ዓይኔን ካነሳሁ የሚጠፋብኝ መሰለኝ፣ ጋሼ።»

«የትም አልሄደም። ቀለሙን በመብራት ያቃጠልሽው አንቺ ነሽ። እኔም እንዲህ ቢያፈጡብኝ እደበዝዝ ነበር።»

ኤሌክትሪኩን ሳይነካ የመብራቱን መዝጊያ ዘጋ። በጨለማው ውስጥ ቀለማቸው ያልተቃጠለ አዳዲስ ፕሮቲኖች ይደርሳሉ አላት። ከዚያ ሾርባውን ወደ እሷ ገፋው።

«ዛሬን እንኳ ይተዉኝ። ቢያንሸራትተኝስ?»

«ፕሮቲኑ ምሳሽን አያውቅም።»

ፈራ ተባ እያለች ጠጣች። ዝናቡ ጣሪያውን ይመታል፤ እሷ ግን በማታየው ቦይ ውስጥ የጀልባ መብራቶች አንድ በአንድ ወደ ወደቡ ሲገቡ በሐሳቧ ታያለች። ማንም አይጠራቸውም፤ ይመጣሉ።

ሾርባው ሊያልቅ ሲል ካሜራውን አዘጋጅታ መዝጊያውን ለዓይን እርግብግቢት ያህል ከፈተች። ክሯ ደማቅ ነበረች፤ በቦዩ ላይ እንደ ንጋት ጫፍ ተሰምራለች። ምስሉ ካሜራው ውስጥ ቀረ፤ ዳሬ ራሷ መዝጊያውን መልሳ ዘጋችው።

ጊወን ደግማ ማየት ትፈልግ እንደሆነ ጠየቃት።

«ይረፍ» አለችና የቀረውን ሾርባ አነሳች።