አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ስልሳ

ግሌኒስ የመለኪያውን ክብደት ቃታው ላይ አንጠለጠለችና ባዶውን ሽጉጥ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጋ ቀስ ብላ አነሳችው። ጠቅ አለ። ደገመችው፤ ጠቅ። ሦስተኛም እንደዚያው። ዱጋልድ ስተሮክ ቀኑን ሙሉ ጆሮው ላይ ጥይት ሲጮህበት ውሎ ምንም ሳይመስለው፣ ያቺን ትንሽ ጠቅታ ሲሰማ ግን ወደ ግሌኒስ ተጠጋ።

"አልያዘልህም፣ ዱጊ" አለችው ግሌኒስ። ስልሳ ዓመቷን ያለፈች፣ የተኩስ ክለቡ የመሣሪያ ተቆጣጣሪ፣ ለወንድሟም ቢሆን አንድ ግራም የማትቀንስ ሴት ናት። "ደንቡን ታውቀዋለህ። ወደ ክፍቱ ምድብ ነህ።"

ያውቀዋል እንጂ! በማካይ ከተማ ዙሪያ ደንቡን እንደ ዱጋልድ የሸመደደ ሰው አልነበረም። በፋብሪካ ምድብ የሚወዳደር ሰው ሽጉጡን ከፋብሪካ እንደ ወጣ ይዞ ይቀርባል። እጀታው ላይ ላስቲክ ቢለጥፍ ማንም አይናገረው፤ የቃታውን ብረት ከሞረደ ወይም ሞላውን ካሳጠረ ግን አለቀለት። ቃታው አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ስልሳ ግራም ጠቅ ሳይል መሸከም አለበት። ካልተሸከመ ተወዳዳሪው ክፍት ወደሚባለው ምድብ ይጣላል፤ እዚያ ያሉት ባለመነጽር፣ ባለትልቅ ካዝና፣ እንዳሻቸው የተቀጠቀጡ ሽጉጦች ናቸው። በብስክሌት ከመኪና ጋር መሽቀዳደም ማለት ነው። ከብሔራዊ ቡድኑ ደግሞ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እሱም የፋብሪካ ምድብ ቦታ። ዱጋልድ ያንን ቦታ አሥራ አንድ ዓመት ሲያሳድደው ኖሯል። እስከዚያች ጠቅታ ድረስ አንደኛ ነበር፤ ሁለተኛው ታናሽ ወንድሙ ሊንደን ነው።

"አልነካሁትም!" አለ ዱጋልድ። "በልጆቼ እምላለሁ፣ ሞላውን ነክቼው አላውቅም! ፍቺውና እዪው!"

"ነክተሃል አላልኩህም። አልያዘም ነው ያልኩህ። እፈታዋለሁ፣ ታገስ።"

ከኋላው ተራ የሚጠብቀው ኖርም፣ ሦስተኛ የወጣው የሸንኮራ ገበሬ፣ አፉ መዝጊያ የለውም። "ባለፈው ሳምንት የስኳር ፋብሪካው ወፍጮ እጅህን የነከሰህ ጊዜ ሽጉጥህን ፈትቶ የወለወለልህ ማን ነበር? ታናሽዬው አይደል? እንግዲህ ሊንደን ሻንጣውን ያዘጋጅ!" ብሎ ሳቀ። ለቀልድ ነው ያለው። በኋላም ሲጠየቅ ቀልድ ነው ብሏል፤ ነገረኛ ሁሉ ሲያዝ ቀልደኛ ነው።

የዱጋልድ ደም ፈላ። አሥራ አንድ ዓመት ያየው ሕልም ከዓይኑ ፊት ተነቅሎ ሲሄድ ታየው፤ የነቀለውም አንድ አልጋ ላይ አብሮት ያደገ ልጅ ሆኖ ታየው። ግሌኒስ ስትጠራው አልሰማም። በአቧራው ላይ እየተራመደ ወደ መኪናዎቹ ወረደ።

ሊንደን የመኪናው ጭነት ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የሥጋ ፓይ ይበላ ነበር። "አለፍክ?" አለው፣ አገጩ ላይ የፈሰሰውን ሶስ እየጠረገ።

"ሞላዬን ምን አደረግከው?"

"የቱን ሞላ?"

መልሱ ቡጢ ነበር። ፓዩና ጥርሱ አብረው መሬት ወረዱ። ሊንደን መጀመሪያ ቀልድ መስሎት በደም አፉ ፈገግ አለ። ሁለተኛው ቡጢ አፍንጫውን ሰበረው፤ ከዚያ በኋላ አልሳቀም። እሱም የስተሮክ ልጅ ነው። ተወርውሮ የወንድሙን አንገት አነቀ፣ በጉልበቱ ሆዱን አለው፤ ጠጠሩ ላይ ተያይዘው ተንከባለሉ። ዱጋልድ ያልዳነ እጁ ሲቀደድ ተሰማው፤ በዚያው እጁ መታ። አንድ ጆሮ ሲሰነጠቅ፣ አንድ የጎድን አጥንት ሲሰበር ሰማ፤ የማን እንደሆነ ግን አላወቀም፣ ማወቅም አልፈለገም።

"አልቋል ብዬህ ነበር!" ጮኸ ሊንደን፣ ደም እየተፋ። "ሞላው አልቋል፣ ከዚያው ፋብሪካ አዲስ አስገባበት አላልኩህም?"

"ሌባ!"

"ይፈቀዳል አልኩህ! ደንቡን አታስተምረኝ አልከኝ!"

ዱጋልድ ጸጉሩን ጨምድዶ ያዘና ፊቱን ከመኪናው የኋላ መጎተቻ ብረት ጋር አጋጨው። አንድ ጊዜ ይበቃ ነበር። ሁለት ጊዜ አጋጨው። ሊንደን የጮኸው ጩኸት የሰው አይመስልም ነበር። ሦስት ወንዶች ሮጠው ደርሰው ዱጋልድን በአንገቱና በክንዱ ጎትተው አላቀቁት፤ አንደኛውን በክርኑ ከንፈሩን ተረተረው። አራተኛው ሲመጣ ነው መሬት ላይ ተኝተውበት ያቆሙት።

ግሌኒስ እያለከለከች መጣች። መዳፏ ላይ ትንሽ ሞላ ነበረች። "ማንም አልቆረጠውም! የፋብሪካው ቀለም ጫፉ ላይ እንዳለ ነው፣ ብረቱም አልተሞረደም! ደክሞ ነው። በቀን ስንት ጊዜ ትስበዋለህ?"

ዱጋልድ ጉንጩ ጠጠሩ ላይ ተጣብቆ ዓይኑን ጨፈነ። በየማታው ከስኳር ፋብሪካው ሥራው ሲመለስ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ፣ ባዶውን ሽጉጥ ሦስት መቶ ጊዜ ይስባል። አሥራ አንድ ዓመት። ልምምድ ነው፣ የሚያስመሰግን። ከፋብሪካ እንደ ወጣ ማለት ለእሱ ምንም አለመቀየር ነበር፤ አንድ ዓይነት አዲስ ሞላ መተካት እንደሚፈቀድ ራሱ ያነበበውን መስመር እንኳ ንቆት ነበር። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይሄ ነው። ዓይኑን ሲገልጥ ወንድሙ ሁለት እጁን ቀኝ ዓይኑ ላይ አድርጎ፣ ደሙ በጣቶቹ መሃል እየወረደ፣ እግሩን ሲያንፈራግጥ አየ።

በሆስፒታል የሊንደንን ዓይን አላዳኑለትም። የሚያነጣጥርበት ዓይኑ ነበር። ቡድኑ ውስጥ የቀረው ቦታ ለሦስተኛው ተሰጠ፤ ለዚያው ለኖርም።

በማግስቱ አንዲት ወጣት ፖሊስ ደብተሯን ይዛ አልጋው አጠገብ ቆመች። ሰው የደበደበ ተኳሽ ፈቃዱንም መሣሪያውንም እንደሚነጠቅ እዚህ አገር የማያውቅ የለም። ዱጋልድ የተጠቀለለ እጁን ይዞ በሩ ጋ ቆሟል፤ ነርሷ ልታስወጣው ብትሞክርም አልወጣላትም።

"ማን ነው የመታዎት?" አለች ፖሊሷ።

"ማንም" አለ ሊንደን። ከንፈሩ አብጦ ቃሉ ይንተባተባል። "ከመኪና ላይ ወደቅሁ።"

"ብዙ ሰው አይቷል እኮ።"

"ያዩት ስወድቅ ነው።"

ዱጋልድ ሁለት እርምጃ ገባ። የሽጉጡን ሣጥን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠው። "እኔ ነኝ የመታሁት" አላት። "ጻፊው። እጄን ያነሳሁበት እኔ ነኝ፣ ያለ ጥፋቱ።"

"ዝም በል፣ አንተ ደደብ!" ሊንደን ከትራሱ ቀና ለማለት ታገለ፣ የጎድኑ ስብራት መልሶ ጣለው። "ዝም በል! ቢያንስ አንዳችን እንተኩስ!"

ፖሊሷ ቁልፉን አነሳችና መጻፍ ጀመረች። ሊንደን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በቀረችው ዓይኑ አለቀሰ።