የሽማግሌዎቹ ብርጭቆዎች

ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ወሬ ይጠብቃል እንጂ ሽማግሌዎቹን በመኪና ጭኖ አይሄድም። ባስልኤል ይህን አሳምሮ ያውቃል። ነገር ግን ከላካቸው ሁለት ሽማግሌዎች ጋሽ ገብረ ሥላሴ መንጃ ፈቃድ የላቸውም፤ ሳህሉ ደግሞ ተራራ መንገድ ላይ መሪ ከጨበጠ አብሮት የተቀመጠውን ሁሉ ጸሎት ያስጀምራል። ስለዚህ በፈረንጆቹ 1996፣ በመስከረም ወር በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ባስልኤል ራሱ ከሳን ሆዜ ተነሥቶ ኦክላንድ ወጣ። ከዚያ እድላዊትን፣ አባቷን አቶ መንገሻን እና በመኪና ማቆሚያ ጥበቃ የሚሠሩትን ጋሽ ገብረ ሥላሴን ጫነ። ሲመለስ ካምቤል ላይ ሳህሉን አነሣና ከሳራቶጋ በላይ ኮረብታው ላይ ወዳለ የወይን እርሻ አቀና። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ለምን እንደሚሄድ እያወቀ፣ ስለ አየሩ ብቻ ያወራ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባስልኤልና እድላዊት ከተዋወቁ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እሱ ሳኒቬል አንድ የኮምፒውተር ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ እሷ አላሜዳ ውስጥ አረጋውያን ትንከባከባለች። አቶ መንገሻ ልጃቸውን ሊጠይቁ በፈረንጆቹ በጋ መጡ። ሽማግሌዎቹ እድላዊት አፓርታማ ድረስ ሁለት ጊዜ ሄደዋል። በመጀመሪያው ጊዜ አቶ መንገሻ «እስቲ ላስብበት» አሉ። በሁለተኛው ደግሞ «ዘመድ እንዳይሆኑ፣ ልጁ ሰባት ቤት ይቁጠርልኝ» አሉ። ባስልኤል አምስት አያት ድረስ ይቆጥራል። አባቱ በልጅነቱ ስለሞቱ አክስቱ ጋ ደወለ፤ አክስቱም ከአምስት አላለፈችም። አቶ መንገሻ ደግሞ ማክሰኞ ወደ አገራቸው ይበራሉ።

የወይን እርሻውን ሐሳብ ያመጣው ሳህሉ ነው። የሚሠራበት ምግብ ቤት ወይን የሚገዛው ከአንድ አዛውንት ፈረንሳዊ ነው። አቶ መንገሻም ሠላሳ ዓመት በምድር ባቡር ሲሠሩ ፈረንሳይኛ እንደ ውሃ የጠጡ ሰው ናቸው።

«አንድ ቀን ሙሉ በፈረንሳይኛ ካወሩ እምቢ የሚሉበት ጉልበት አይኖራቸውም» አለ ሳህሉ። «አንተ ብቻ ሪላክስ አድርግ።»

ፈረንሳዊው ሙሴ ኤሚል፣ ገለባ ባርኔጣ ያደረጉ ቀጭን ሰው፣ በር ላይ ተቀበሏቸው። አቶ መንገሻ ሰላምታውን በፈረንሳይኛ ሲመልሱ ሰውየው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ማን ያስቆማቸው። ክንድ ለክንድ ተያይዘው በወይኑ ረድፎች መሃል ሄዱ፤ ሙሴ ኤሚል ቅጠል እየገለጡ ያሳያሉ፣ አቶ መንገሻ ፍሬውን በሁለት ጣት እየዳበሱ ይጠይቃሉ። ኦክላንድ አፓርታማ ውስጥ ሦስት ወር ሙሉ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው የከረሙት ሰውዬ፣ ወገባቸው ቀና ብሎ፣ ድምፃቸው ወፍሮ፣ ሌላ ሰው መሰሉ።

ምሳ ዋርካ ከሚያህል ትልቅ ዛፍ ሥር ቀረበ። ዳቦው፣ አይቡ፣ የተጠበሰው ዳክዬ የቤቱ ነው፤ ወጥ ቤት የሚሞቀው በርበሬ የሌለበት የበግ አልጫ ደግሞ እድላዊት ሌሊቱን ሠርታ ያመጣችው ነው። እሷ የሙሴውን ሚስት ልታግዝ ወጥ ቤት ገባች። ባስልኤል የሚገባውን ያውቃልና ወደ ወይኑ ውስጥ ገለል አለ።

ከቆመበት እስከ ጠረጴዛው ሰማንያ እርምጃ ቢሆን ነው። ንግግር አይሰማም። የሚታየው ብርጭቆ ነው። እሱ ግን ከዚያ በላይ አያስፈልገውም፤ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ እህል ውሃ አይቀምስም። ብርጭቆው ከተነሣ እድላዊት ተሰጥታዋለች ማለት ነው።

ጋሽ ገብረ ሥላሴ ብድግ ብለው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተናገሩ። ተቀመጡ። ሙሴ ኤሚል ነጩን ወይን ለሁሉም ቀዱ፤ ሲሶ፣ ሲሶ። አቶ መንገሻ አነሡ፣ አሸተቱ፣ ጠጡ። የሽማግሌዎቹ ብርጭቆ እንደተቀመጠ ቀረ።

ሙቀቱ ከአፈሩ ይነሣል። የበሰለው ፍሬ ሽታ ከባድ ነው፤ ንቦች በዝግታ ይዞራሉ። ከታች ሸለቆው፣ የፋብሪካዎቹ ጣሪያ በፀሐይ እያብረቀረቀ፣ ውሃ የተኛበት ሜዳ መስሏል፤ ባስልኤል ሰኞ ጠዋት ከእነዚያ ጣሪያዎች ባንዱ ሥር እንደሚገባ አስቦ ማመን አቃተው። ከኋላ፣ ከባሕሩ ወገን፣ ጉም በጋራው ጫፍ ላይ ደርሶ ቆሟል። አይወርድም፤ አይመለስም። ባስልኤልም እንደዚያው ሆኖ የቆመ መሰለው፤ እጁ ላይ ያረፈችውን ንብ እንኳ አላባረራትም።

ሙሴ ኤሚል ሌላ ጠርሙስ ይዘው መጡ። ቀይ ነው። አዲስ ብርጭቆ ሰጡ፣ ቀዱ። አቶ መንገሻ ጠጡ። ሁለት ብርጭቆ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አራት፣ በየሽማግሌው ፊት ተደረደረ። ሙሴው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

እድላዊት ዳቦና አይብ በጨርቅ ጠቅልላ በረድፉ መጣች።

«ብላ። ፊትህ ነጥቷል።»

«ምን አሉ?»

«ማን? አባዬ ወይን እየጠጣ ስለ ድሬዳዋ ያወራል። የተጨነቁት ሙሴው ናቸው። ሰዎቹ ወይኔን ናቁት ብለው ወጥ ቤት መጥተው ለሚስታቸው ነገሯት፤ እሷ ደግሞ በእንግሊዝኛ ለእኔ። ለሰርጋቸው ቀን ያስቀመጡትን ሊከፍቱ ነው።»

«ንገሪያቸዋ።»

«ምን ልበል? ‹የማይጠጡት እኔን ስለሚጠይቁ ነው› ልበል?» ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም። «ሳህሉ ብርጭቆውን ሲያይ ብታየው፣ ያሳዝንሃል። ጋሽ ገብረ ሥላሴ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጡት።»

«ማክሰኞ ሳይመልሱ ቢሄዱስ?»

እድላዊት አንድ ፍሬ ቀጥፋ በጣቶቿ መሃል አሽከረከረችው። «እንግዲያ እኔም ያለ እሱ ፈቃድ አላገባም። አውቀኸው ነው ሦስት ዓመት የጠበቅከኝ።» ፍሬውን አጎረሰችውና ሄደች።

አሮጌው ጠርሙስ መጣ። ሙሴ ኤሚል እንደ ጨቅላ ሕፃን አቅፈውታል። ለሁሉም ቀድተው ጋሽ ገብረ ሥላሴ አጠገብ ቆመው ጠበቁ። ጋሽ ገብረ ሥላሴ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ እንጂ አልነኩትም። ያን ጊዜ ሙሴው ወደ አቶ መንገሻ ዞረው አንድ ነገር ጠየቁ። አቶ መንገሻ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። ረጅም ጊዜ ተናገሩ። ሙሴው አዳመጡ፤ ከዚያ አጭር ጥያቄ ጠየቁ።

አቶ መንገሻ ተነሥተው በረድፉ ቁልቁል ወደ ባስልኤል መጡ። ባስልኤል ዳቦውን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ቁጠርልኝ» አሉት።

«ኃይለየሱስ፣ ገዛኸኝ፣ ወልደ ሚካኤል፣ እንግዳ፣ ጎሹ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አላውቅም ጋሼ።»

«ሁለት ስም ፈጥረህ ብትጨምር ማን ያውቅብህ ነበር?»

«ሳህሉ እንደዚያ አድርግ ብሎኝ ነበር። እሷን በውሸት መውሰድ ከበደኝ።»

አቶ መንገሻ የወይኑን ሐረግ የያዘውን ሽቦ ተደገፉ። «ያ ሙሴ ጥሩ ሰው አይደለም» አሉ። «ነገሩን ሁሉ ካስረዳሁት በኋላ ምን አለኝ መሰለህ? ‹እርስዎስ ስንት ይቆጥራሉ?›»

ባስልኤል ቀና ብሎ አያቸው።

«አራት» አሉ አቶ መንገሻ። «ከለገሃር እስከ ጅቡቲ ያለውን ጣቢያ ሁሉ በተራ እጠራልሃለሁ። ከአያቶቼ ግን አራት። አንተ ሰባቱን ብትጨርስ እኔም ተራዬ ሊደርስ ነበር፤ በልጄ ፊት፣ በሽማግሌ ፊት። አምስት ላይ ስትቆም ደስ አለኝ። እንደዚያ ደስ ስላለኝ አፍሬ ነው መልስ መስጠት ያቃተኝ።»

በሁለቱ መሃል ንብ አለፈች።

«ዘመድ ብንሆንስ?» አለ ባስልኤል፣ ሳያስበው።

«የጎጃም ሰው አይደለህ? እኔ የተጉለት ነኝ። እንዳንተና እንደኔ ቆጠራ ከሆነ ማንም ከማንም ጋር ዘመድ ሊሆን ይችላል።» ሳቁ። ከዚያ ፊታቸው ኮስተር አለ። «አምስት ዕውነት ይዘህ መጥተሃል። እኔ ከአራት በላይ አልያዝኩም።»

«ታዲያ ጋሼ...»

«መልሱን ላንተ አልነግርህም። ሽማግሌ ልከህ የለ?»

ተመልሰው ወጡ፤ አቀበቱ ላይ አንዴ ቆም ብለው ተነፈሱ። አቶ መንገሻ ጠረጴዛው ጋ ደርሰው ሳይቀመጡ ተናገሩ። ጋሽ ገብረ ሥላሴ ተነሥተው ጎንበስ አሉ፤ ተቀመጡ። ጉሙ ከጋራው ጫፍ ላይ ቀስ ብሎ መውረድ ጀመረ። ከዚያ የጋሽ ገብረ ሥላሴ እጅ ወደ አሮጌው ወይን ሄደ፣ ብርጭቆውን ያዘ፣ አነሣው።

ሙሴ ኤሚል ዓይናቸውን ከሰውየው ፊት አልነቀሉም። ጋሽ ገብረ ሥላሴ ቀመሱ፤ እንደ ጠጅ የሚጣፍጥ መስሏቸው ኖሮ ፊታቸው ተጨማደደ፤ ቢሆንም እስከ ጭላጩ ጨለጡት። ወዲያው ቀጣዩን ብርጭቆ አነሡ። ሳህሉ ከአምስቱ በየትኛው እንደሚጀምር ግራ ገብቶት በሁለት እጁ ሁለት ይዟል። ሙሴው ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ።

እድላዊት አልጫውን ይዛ ከወጥ ቤት ብቅ አለች፤ ብርጭቆዎቹን አየች፤ ድስቱን ጠረጴዛው ላይ ለማኖር ሁለቴ ሞከረች። ባስልኤል ሰማንያውን እርምጃ እንዴት እንደወጣው በኋላ ትዝ አላለውም። ጠረጴዛው ላይ ለእሱ ወንበር አልነበረም፤ ማንም አላሰበለትም። ሙሴ ኤሚል ወይን የሚለቀምበትን ሣጥን ገልብጠው ከአቶ መንገሻ ጎን አኖሩለት፤ እሱም ተቀመጠ።