ዜናው ሞልቷል

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ክብሪት» ነው የሚሉኝ፤ ቶሎ ስለምቀጣጠል። ይበሉኝ! ያን ሰሞን ያልነደድኩ መቼ ልነድ ኖሯል? አገር ምድሩ የሚያየው ቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ እየሠራሁ፣ የጠፋ አባቴን ፎቶ ለአንዲት አፍታ ማሳየት አቃተኝ። ለምን ቢሉ፣ አንድ ዝነኛ ዘፋኝ ፀጉሩን ተላጭቷላ!

እኔ ኤዲተር ነኝ። ካሜራማኖቹ ቀርጸው ያመጡትን ምስል እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ፣ ለዜና አደርሳለሁ። አባዬ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበር። «ያው አንድ ሙያ ነው፤ ያንቺ ግን አይለበስም» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መርሳት ጀመረ። ስሜ ይጠፋበትና ያፍራል፣ ከዚያ «አንቺ ቆንጆ» ብሎ ይሸውደኛል። እጁ ግን ምንም አልረሳም። የላላ ቁልፍ ካየ የማንም ይሁን የማን፣ ይዞ ነው የሚያስቆመው።

ሰኞ ጠዋት ወንድሜ ገላውን ሊታጠብ በገባበት አባዬ በሩን ከፍቶ ወጣ። ግራጫ ኮቱን ለብሷል፣ የልብስ መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጓል። ፖሊስ ጣቢያ አመለከትን። ሆስፒታሎቹን አዳረስን። ወንድሜ የድሮ ሱቁ ወደነበረበት ሰፈር ሮጠ። የሱቆቹ ረድፍ ፈርሶ አሁን ትልቅ ሆቴል ቆሞበታል። የሆቴሉ ጥበቃ «ዛሬ ትልቅ እንግዳ አለብን፣ ማንም አይጠጋም» ብሎ ከሩቅ መለሰው። ትልቅ እንግዳ!

ከሰዓት በኋላ ዓይኔ አብጦ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ።

«አባቴ ጠፍቶብኛል። የማታው ዜና ላይ ፎቶውን አሳዩልኝ።»

«ውይ! ውይ! አይዞሽ» አለኝ፤ ከልቡ ነው ያዘነው፣ አልዋሽም። «ግን ምን ዋጋ አለው፣ ዜናው ሞልቷል።»

«በምን?»

ወደ ግድግዳው ሰሌዳ አገጩን ቀሰረ። ዘፋኙ ከውጭ ተመለሰ። ዘፋኙ ተላጨ። ለምን ተላጨ? የፀጉር ባለሙያ ያብራራል። ከእጮኛው ጋር ተኳርፏል? ጎረቤቱ ይናገራል።

«ጎረቤቱ ምን ያውቃል?» አልኩት።

«ምንም አያውቅም። ግን ይናገራል።»

«አንድ ሰው እኮ ነው የጠፋው!»

«የኔ እህት፣ ሰው ማየት የሚፈልገው ይህንን ነው። እኔ ምን ላድርግ?»

«ሰው የምታሳዩትን ነው የሚያየው!» ብዬ በሩን ድርግም አድርጌበት ወጣሁ። ያን ምሽት በየመንገዱ ስዞር፣ ያለፍኩበት ካፌ ሁሉ ቴሌቪዥኑ ላይ የተላጨ ጭንቅላት ነበር። ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ። የአባዬን ፎቶ ይዤ «አይታችሁታል?» ስል ሰዎቹ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው በትከሻዬ በኩል ማያውን ያያሉ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አለቃዬ ደወለ። «ሰው የለኝም፣ ግቢና አንድ ልዩ ዝግጅት ጨርሺልኝ። ከዚያ ለአባትሽ ነገር አንድ መላ እንፈልጋለን።» እንዲህ ሲለኝ እየከነፍኩ ደረስኩ። የተስፋ ነገር! ልዩ ዝግጅት የተባለው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የዘፋኙ ጫማ። ከመኪና ሲወርድ ያደረገው ጫማ፣ ከየአቅጣጫው፣ በቀስታ እየተንቀሳቀሰ፣ ከሙዚቃ ጋር።

ጥርሴን ነክሼ ሰኞ የተቀረጸውን ያልተቆረጠ ምስል ከፈትኩ። ቀራጩ «ቀጭኔ» የምንለው ረጅሙ ካሜራማናችን ነው። በእኛ መሥሪያ ቤት አንድ ሕግ አለ። ኮከብ በሚቀረጽበት ጊዜ ከፊቱ የሚያልፍ ሰው አይኖርም። ካሜራማኑ ጮሆ ያስወግደዋል፤ ያመለጠውን ደግሞ ኤዲተሩ ቆርጦ ይጥለዋል። ሰኞ እኔ አባቴን ፍለጋ ስንከራተት ምስሉን የቆረጠችው ሌላ ባልደረባዬ ናት፤ አባዬን አይታው አታውቅም።

መኪናው ወደ ሆቴሉ ደጅ መጣ። በሩ ተከፈተ። ዘፋኙ ወረደ። ከዚያ በግራ በኩል ግራጫ ኮት ገባ።

አባዬ ነው! ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው። ሱቁን ሊከፍት ነው የመጣው፤ እግሩ መንገዱን መች ረሳ። የዘፋኙ ጃኬት ገበሩ ተተርትሮ በታች በኩል ተንጠልጥሏል። አባዬ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ጎንበስ አለ፣ የጃኬቱን ጫፍ ያዘ።

«ልጄ፣ ይኼ ገበር ተተርትሯል። ቁም እስቲ አንድ አፍታ።»

ዘፋኙም ቆመለት። እውነቱን ልናገር፣ ፈገግ ብሎ ቆመለት። ይሄኔ የቀጭኔ ድምፅ ከካሜራው ጀርባ መጣ፦ «አባት! ዞር ይበሉ ከፊቱ! ምስሌን አበላሹብኝ እኮ!» አንድ ግዙፍ ጠባቂ አባዬን ትከሻውን ይዞ ገፋው። አባዬ ተንገዳገደ። «ሱቄን ልከፍት ነው» ሲል ይሰማል። ሌላው ጠባቂ ደግሞ በጣቱ ወዲያ እያመለከተ «አውቶቡሱ በዚያ ነው፣ ይሂዱ!» አለው። ካሜራው ወደ ጫማው ወረደ። ጫማው ጥርት ብሎ ይታያል።

ቆሽቴ አረረ። እኔ አለቃዬ ደጅ ቆሜ በምለማመጥበት ሰዓት አባቴ የት እንደነበረና ወዴት እንደሄደ የሚያሳየው ምስል፣ ያውም ከነድምፁ፣ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነበር። ቆርጠው ጥለውታል። ከሰው ሁሉ እሱን!

ቀጭኔ ዳቦውን እየገመጠ ገባ። ምስሉን አቁሜ «እኚህን ሰውዬ ታስታውሳቸዋለህ?» አልኩት።

«የትኛውን? አንድ ሽማግሌ መቼም አይጠፋም፣ ሁልጊዜ ዘው ይላሉ።»

«አባቴ ነው።»

ዳቦው እጁ ላይ ቀረ። «አንቺ… በፈጣሪ… አላወቅኋቸውም እኮ» አለ። «ባታውቀውስ?» አልኩት። «የማታውቀው ሰው ይገፋል?» ወደ ማሽኔ ዞርኩ። ሥራ ነበረብኝ።

አሁን የመሥሪያ ቤታችንን ሌላ ጉድ ስሙ። ሆስፒታል መድኃኒት አልቆበታል የሚል ዜና ከሠራሁ ለአየር ሳይበቃ ሦስት ሰው ይገመግመዋል፤ ይህን አውጪ፣ ያንን አለዝቢ ይባላል። የዘፋኝ ዜና ግን ማንም አያየውም። ማንን ያስቀይማል ተብሎ! ከእኔ እጅ ቀጥታ ወደ አየር ነው። እኔም ጫማውን በሙሉ ጠራርጌ ጣልኩት። አባዬ ጎንበስ ብሎ ጃኬቱን የያዘበትን፣ የተገፋበትን፣ የተንገዳገደበትን እንዳለ ተውኩት። ፊቱ ላይ ምስሉን አቆምኩና ከሥር ጻፍኩ፦ «ከኮከቡ አጠገብ የቆሙት አባት ጠፍተዋል። ያያችሁ ደውሉ።» የወንድሜን ስልክ ጨመርኩበት። የቀኑ ዜና ላይ ወጣ።

የወንድሜ ስልክ አበደ። የመጀመሪያው ደዋይ ጃኬቱ የት እንደተገዛ ጠየቀ። ሁለተኛዋ ዘፋኙ በፀጉሩ ያምራል ወይስ ያለ ፀጉሩ ብላ ክርክር ገጠመችው። አንዱ «የሱን ስልክ ቁጥር ስጠኝ፣ ወንድሜ ሙት አላስቸግረውም» አለ። ወንድሜ፣ ያ ዝምተኛው ወንድሜ፣ መንገድ ዳር ቆሞ ሲሳደብ ሰው ተሰብስቦ ያየው ነበር።

ከዚያ አንዲት ሴት ደወለች። የአውቶቡስ ማደሪያ ጽዳት ሠራተኛ ናት።

«እኚህ ሰውዬ እኮ እኛ ጋ ናቸው! ከትናንት ጀምሮ የሹፌሮቹን ዩኒፎርም እየጠገኑልን ነው። ስምዎ ማነው ስንላቸው ‹መርፌ አምጡ› ነው መልሳቸው። ለቴሌቪዥኑም ደውለን ነበር።»

«ምን አሏችሁ ታዲያ?» አላት ወንድሜ።

«‹ስለ ዘፋኙ ከሆነ አንድን ይጫኑ› ይላል ስልኩ።»

«ስለ ዘፋኙ ካልሆነስ?»

«ይዘፍናል።»

ስንደርስ አባዬ የጥበቃዎቹ ክፍል ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። እግሩ አብጧል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ጽዳት ሠራተኛዋ የራሷን ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጋለታለች። እቅፍ ሳደርገው የሸሚዜን እጅጌ ገለበጠና «ይኼን የሰፋልሽ ማነው? አበላሽቶታል» አለኝ። የሰፋው እሱ ራሱ ነው። እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ሳቅኩም።

ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። በማግስቱ አለቃዬ ደውሎ «አንቺ ተአምረኛ!» አይለኝም? ያን ያህል ሰው ዜና አይቶልን አያውቅም ብሎ ሊዘል ደረሰ። ቀኑን ሙሉ የእኛም የሌላውም ጣቢያ ወሬ «ኮከቡና ልብስ ሰፊው» ሆነ። በራችን ላይ ካሜራ ተደረደረ። ለጎረቤቶቻችን አባዬ ምን መብላት ይወዳል የሚል ጥያቄ ቀረበላቸው። ትናንት ስንጮህ ያልሰማን ሁሉ ዛሬ የአባዬን ሳል ለመቅረጽ መስኮታችን ላይ ተለጠፈ። አባዬ ደንግጦ አልጋው ውስጥ ሽፍንፍን ብሎ «ምን አጠፋሁ?» ይላል። ምን ብዬ ልመልስለት?

«በቀጥታ ስርጭት ላይ የዘፋኙን ጃኬት ሲሰፉ እናሳያለን» አለ አለቃዬ።

«አባቴ ታሟል። አይመጣም።»

«እሺ በቃ አንቺ ነይ። ከዘፋኙ ጋር ትቀመጫለሽ።»

ያቺን ጽዳት ሠራተኛ በአደባባይ ላመሰግናት ፈለግሁና ሄድኩ።

እንግዳ መቀበያው ጋ አንዲት እናት ቆማለች። የዩኒፎርም ሹራብ የለበሰች ልጅ ፎቶ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛለች። ልጅቷ ጠዋት ትምህርት ቤት ሄዳ ወደ ቤት አልተመለሰችም። የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ በትሕትና «እናቴ፣ ነገርኩዎት እኮ፣ ዛሬ ዜናው ሞልቷል» ትላታለች።

ደሜ ፈላ። «ደግሞ ዛሬ በምን ሞላ?» ብዬ ጮህኩባት።

ደንግጣ አየችኝ። «በአባትሽ ነዋ!»

በቁሜ ደረቅሁ። ፎቶውን ከእናቲቱ ተቀብዬ አለቃዬ ጋ ገባሁ። «ነገ» አለኝ። «ዛሬ» አልኩት። «ዛሬ ያንቺ ቀን ነው፣ አታበላሺው» አለኝ። በሩን በቀስታ ዘግቼ ወጣሁ። ፎቶውን ሹራቤ ውስጥ ደበቅሁና ስቱዲዮ ገባሁ።

ዘፋኙ ተቀምጦ ፊቱን ዱቄት ይቀቡታል። ሲያዩት የደከመው ልጅ ነው። «አባትሽ ደህና ናቸው?» አለኝ ቀስ ብሎ። «እኔ እንዲሰፉልኝ ቆሜ ነበር፣ ማን ሰማኝ?» ከዚያ መብራቱ በራ፣ አቅራቢው ጥርሱን ገለጠ።

«ኮከባችንን በአካል ስታገኚው ምን ተሰማሽ?»

ፎቶውን አወጣሁ። «ይህች ልጅ ጠፍታለች» አልኩ። «እናቷ እታች ቆማለች፣ ያያችኋት…» የካሜራው ቀይ መብራት ጠፋ። አቅራቢው ጆሮው ውስጥ ያለውን ትእዛዝ እየሰማ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ግድግዳው ላይ ባለው ሞኒተር ዘፋኙ፣ ፀጉሩ ገና እያለ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ እየዘለለ ይዘፍናል። እኔ ስጮህ ነበር፤ አባቴን በእጃችሁ ይዛችሁት ነበር፣ እሷንም ይዛችኋት ይሆናል፣ ቴፓችሁን ፈትሹ እያልኩ። የሰማኝ ዘፋኙና የመብራት ሠራተኛው ብቻ ናቸው። ዘፋኙ አንገቱን ደፋ።

ወረድኩ። እናቲቱ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ፊት ለፊቷ ያለውን ቴሌቪዥን ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች። ዘፈኑ አላለቀም። ከዘፈኑ በኋላ ልጇ የምትወጣ መስሏት ነው የምትጠብቀው። ስታየኝ ተነሥታ አቀፈችኝ።

«አባትሽ ናቸው አሉ የተገኙት። እንኳን ደስ ያለሽ የኔ ልጅ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ።»

ፎቶውን መለስኩላት። በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አደረገችውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ምንም ቁጣ ሳይኖርባት፣ ምክር እንደሚጠይቅ ሰው፦

«አንቺ የውስጥ ሰው ነሽ፣ እስቲ ንገሪኝ። የኔዋስ ከማን አጠገብ ብትቆም ነው የሚያሳዩልኝ?»