ሰገነት ዝቅ ሲል

የእንስሳት ሐኪሟ በግራ እጇ መሪውን፣ በቀኝ እጇ የወንበሩን መደገፊያ ጨምድዳ ይዛ ቀኝ እግሯን ወደ ፒካፑ ለማስገባት ታገለች። በርጩማ ላይ ቆማ እንኳ እግሯ ከመኪናው ወለል አልደርስ አለ። ዳሌዋ ውስጥ የገባው ብረት «እስከዚህ ነው፤ ከዚህ ወዲያ የለም» የሚላት ይመስል ቆንጥጦ ያዛት። እንደገና ስትሞክር በርጩማው ከሥሯ ተንሸራተተና ደረቷ ከበሩ ጠርዝ ጋር ተላተመ።

ታላቅ ወንድሟ ከበረንዳው ሮጦ መጣ። ምንም ሳይጠይቅ በብብቷ ሥር ይዞ አነሳትና ወንበሩ ላይ አስቀመጣት።

«አውርደኝ» አለች።

«እንዴ፣ ገባሽ እኮ።»

«አልገባሁም፤ ተጫንኩ። አውርደኝ፣ ወንድምጋሼ።»

አወረዳት። ምርኩዟን አቀበላትና የወደቀውን በርጩማ እያነሳ ሌላ ቦታ ሌላ ቦታ ማየት ጀመረ። የመጋረጃ ነጋዴ ነው፤ እህቱን እንደ ጥቅል ጨርቅ ማንሳቱ ለእሱም አልተመቸውም።

ዳሌዋን የሰበረቻት ላም ነበረች። ከወንዙ ማዶ አንዲት የታመመች ላም ስታክም ላሟ ደንብራ ከብረት በር ጋር አጣበቀቻት። ቀዶ ጥገናው ተሳክቷል፤ ቁስሉም ጠግጓል። ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ ደህና ስለሆኑ ሐኪሞቹ መንዳት ትችያለሽ ብለዋታል። ቀኝ እግሯ ግን ከእንግዲህ ወደ ላይ ብዙ አይነሳም። እሷ ደግሞ የምትነዳው በአካባቢው ከፍተኛ የሆነውን ፒካፕ ነው።

መኪናውን እንዲህ ከፍ አድርጋ ያስነሳችው ራሷ ነበረች። ከወንዙ ማዶ ያሉ ከብት አርቢዎች ደንበኞቿ ሲሆኑ፣ ድንጋዩንና ውኃውን እንዲያልፍላት ብላ ክብደቱን በሚሸከመው የኋላ ባሌስትራ ሥር ብረት አስገብታ፣ የፊቱን አስወጥራ፣ ትልልቅ ጎማ አስገጠመችለት። ቁመቱን ያዩ ገበሬዎች «ሰገነት» አሉት። ሰገነት ሲመጣ ከሩቅ ይታያል። እሷም እንደ ድመት ዘልላ ስትወጣ፣ ዘልላ ስትወርድ ኖራለች። አሁን ግቢ ውስጥ አቧራ ለብሶ ቆሟል።

«ላም አለኝ በሰማይ ማለት እንግዲህ ይኼ ነው» አለች ጎማውን በምርኩዟ መታ አድርጋ።

ወንድሟ ሳቅ አለ፤ ከዚያም ስንት ጊዜ ያነሳውን ሐሳብ መልሶ አነሳ። መኪናው ይሸጥ፤ እሷም እሱ የሚያውቀው ሰው ባለበት መሥሪያ ቤት ገብታ የክትባት ሪፖርት እየተቀበለች ትቀመጥ። ይህ ካልሆነ ሾፌር ትቅጠር። እሷም ሾፌር መሪውን ይዞላት እሷን ማን እንደሚጭናት ጠየቀችው። የሾፌሩም ወንበር የተሳፋሪውም ወንበር ቁመቱ አንድ ነው። በየደጁ፣ በየገበሬው ፊት ሰው አቅፎ ሲያወርዳትና ሲያወጣት ልትውል ነው? 

መልሱን ያገኘችው ከሰዓት በኋላ ጋደም ልትል ስትል ነው። አልጋዋ ጫፍ ላይ በጀርባዋ ዞራ ተቀመጠች። ቀኝ ጭኗን በሁለት እጇ ይዛ እግሯን ወደ አልጋው አዞረች። ከሆስፒታል ስትወጣ እንደዚያ አስተምረዋት በየቀኑ የምታደርገው ነገር ነበር። ዛሬ ግን እግሯን እንደያዘች ቀረች። አልጋው ላይ የምትወጣው አልጋው ከመቀመጫዋ ዝቅ ስለሚል ነው። መኪናውም ዝቅ ቢል በመቀመጫዋ ትገባለች። መጋደሙን ትታ ለመካኒኩ ደወለች።

መካኒኩ አጭርና ሰፊ በመሆኑ ሰው ሁሉ በቡሎን ማሰሪያው ስም «ዳዶ» ይለዋል። ሰገነትን ያስነሳው እሱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ሥራህን አሳየን ለሚሉት ሁሉ የሚያሳየው ይህን ፒካፕ ነው። በማግስቱ መጥቶ መኪናውን ነድቶ ወሰደው፤ እሷ በታክሲ ተከተለችው። ጋራዡ ውስጥ የምትፈልገውን ስትነግረው በጨርቅ የሚጠርገውን እጁን አቆመ።

«ዶክተር፣ ሰው እኔ ጋ የሚመጣው ከፍ ለማለት ነው። ዝቅ አድርገኝ ያለኝ ሰው እስካሁን አላየሁም።»

«እንግዲህ አየህ።»

ጀርባዋን ለተከፈተው በር ሰጥታ ቆመች። የወንበሩ ጠርዝ ወገቧ ላይ ነበር። እጇን ከመቀመጫዋ ሥር አድርጋ «እዚህ ጋ መድረስ አለበት» አለችው። ዳዶ ከእጇ ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ ምርኩዙ አየ። ከዚያ በኋላ አልቀለደም።

የኋላውን ብረት አውጥቶ፣ የፊቱን ፈታ አድርጎ መኪናውን ወደ ተወለደበት ቁመት እንደሚመልሰው ነገራት። ከዚያ በታች መውረድ ግን ጣጣ እንዳለው እየዞረ አሳያት። ጎማውን ባንድ ጎኑ ይበላዋል፤ ሆዱ ለድንጋይ ይጋለጣል።

«ወንዙንም አታስቢው» አለ። «ወንዙን ካላለፈ ፎር ዊል መሆኑ ምን ይጠቅምሻል?»

«ከጭቃ ያወጣኛል።»

«የማዶው ሥራሽስ?»

 «የሥራዬ ግማሽ ነው። መኪናው ግቢ ውስጥ ከቆመ ግን ሙሉውን አጥቻለሁ። ጀምር፣ ዳዶ።»

ጀመረ። መኪናው በክሪክ ተነሳ፤ ጎማዎቹ ወለቁ፤ የባሌስትራው ቡሎኖች ዝገው ስለነበር ዘይት እየጠጡ በመዶሻ ተለመኑ። ሐኪሟ ጥግ ላይ አሮጌ የመኪና ወንበር ተሰጥቷት ተቀመጠች። ሄደሽ ተመለሺ ቢላትም አልሄደችም። ከባሌስትራው ሥር የወጡት ብረቶች መሬት ላይ ተጣሉ። በእነዚያ ብረቶች ላይ ሆና ያለፈችው ክረምት፣ የታደገችው ጥጃ ብዙ ነው። ፊቷን ወደ ዳዶ እንጂ ወደ ብረቶቹ አላዞረችም።

መኪናው ከክሪክ ሲወርድ ተነስታ ሞከረችው። በጀርባዋ ተጠግታ ለመቀመጥ ስትል የወንበሩ ጠርዝ ወገቧን ገፋትና መልሶ አቆማት። አሁንም ከፍ ይላል።

በጎረቤት ጋራዥ የሚሠራ አንድ በያጅ ይህን ሲያይ ቆይቶ መፍትሔው ቀላል ነው ብሎ መጣ። ባሌስትራውን በእሳት ማጋል ብቻ ነው፤ ራሱ ዝቅ ብሎ ይተኛል፤ የሻይ መጠጫ ጊዜ እንኳ አይፈጅም። ዳዶ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይተኛል፤ ከዚያ መንገድ ላይ ይሰበራል» አለው። «ሌላኛውን ዳሌዋን እንድትሰብር ነው?»

በያጁ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ሐኪሟ ለአፍታ የበያጁን እሳት ተመኝታ ነበር። ቶሎ ያልቅ ነበራ። ቢሆንም ለዳዶ ሌላ መንገድ እንዲፈልግ፣ እስኪያገኝ እንደምትጠብቅ ነገረችው።

መንገዱ አንድ ሳይሆን ብዙ ትንንሽ ነገር ሆነ። የኋላ ባሌስትራው የሚንጠለጠልበትን ብረት በረዘመ ቀየረው፤ የኋላው ወረደ። የፊቱን እሱ «ከዚህ ወዲያ ኃጢአት ነው» እስካለበት ድረስ ፈታው። ትልልቆቹ ጎማዎች በትንንሽ ተተኩ። በመጨረሻ ራሷ ወንበሩን እያየች፣ ከሥሩ ያለው መቀመጫ ብረት ለምን እንዲህ እንደረዘመ ጠየቀችው። ዳዶ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ሳቀ፤ ወንበሩን ነቀለና ብረቱን አሳጥሮ መልሶ አሰረው። በእያንዳንዱ ሥራ መሃል እየተነሳች በጀርባዋ ትጠጋለች፤ ትሞክራለች፤ ትመለሳለች። ወገቧ በላብ ረጥቧል፤ ዳሌዋ ውስጥ ያለው ብረት ይጠዘጥዛታል። ወንድሟ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ነገ ይደረስበታል ቢላትም ሙከራዋን ቀጠለች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳዶ መፍቻውን አስቀምጦ በሩን ከፈተላት።

በጀርባዋ ተጠጋች። የወንበሩ ጠርዝ ከመቀመጫዋ ሥር ገባ። ክብደቷን ቀስ አድርጋ ለቀቀችው፤ ያዛት። ቀኝ ጭኗን በሁለት እጇ ይዛ አዞረች፤ ግራው ተከተለ። ፊቷ ወደ መሪው ሆነ። ወንድሟ እጁን ዘርግቶ ነበር፤ የሚደግፈው ነገር አጥቶ መልሶ ሰበሰበው።  እሷም በሩን ዘጋች፤ ሞተሩን አስነሳች፤ ወንድሟን «ትመጣለህ ወይስ በታክሲ ነህ?» አለችው።

በሚቀጥሉት ቀናት በቅርብ ያሉትን ደንበኞች አዳረሰች። ያላሾፈባት የለም። አንዱ አሳማ አርቢ፣ ሰገነት ምድር ቤት መሆኑን ሰምቶ ለማየት ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ ጠበቃት። አንድ ጉብታ ላይ የመኪናው ሆድ ተፈግፍጎ ጥርሷን አንገጫገጫት። በዝግታ መንዳት ተማረች። ሁሉም ደጅ ግን ራሷ ትወርዳለች፤ ራሷ ትገባለች።

አንድ ጠዋት ከማዶ ተደወለላት። ወተት ሻጯ ነበረች፤ ዳሌዋን የሰበረቻት ላም ባለቤት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፍራ ሳትደውል ቆይታ ነበር። አሁን ሌላዋ ላሟ ጡቷ አብጦ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ ጥጃዋን አታስጠጋም። ከተማው ውስጥ ወዳለው አዲስ የእንስሳት ሐኪም ብትደውል ዛሬ ሩቅ ነኝ አላት። ሐኪሟ እመጣለሁ አለች። ወንድሟ ይህን ሲሰማ መጥቶ መኪናው ውስጥ ከጎኗ ተቀመጠ።

ወንዙ ዳር ስትደርስ መኪናውን አቆመች። ውኃው ከጉልበት አይበልጥም፤ ድንጋዮቹ ግን ጀርባቸውን አውጥተው ተኝተዋል። ያኔ ፍጥነቷን እንኳ ሳትቀንስ ታልፋቸው ነበር። ወረደች፤ እስከ ውኃው ጫፍ ሄዳ የፊተኛውን ድንጋይ በምርኩዟ ለካች፤ ዞራ የመኪናውን ሆድ አየች። አያልፍም። ዳዶ ወንዙን አታስቢው ያላት ልክ ነበር።

ወተት ሻጯ ከማዶ እጇን እያውለበለበች መጣች። የጎረቤት ትራክተር አስጠርታ መኪናውን ከነሰዉ ላስጎትተው ስትል ጮኸች።

«ተዪው እትዬ» ብላ መለሰችላት ሐኪሟ። «ላሟ ትራመዳለች?»

«ትራመዳለች!»

«እንግዲያ አምጪያት።»

ወተት ሻጯ ግራ ገባት። ሐኪም ወደ ላም ይመጣል እንጂ ላም ወደ ሐኪም ስትሄድ አላየችም። አጉረመረመች፤ ሄደች። ብዙም ሳይቆይ ቀይ ላም እየጎተተች ተመለሰች። ላሟ ውኃው ውስጥ ገባች፤ ድንጋዮቹን እየመረጠች ተራመደች፤ ወጣች።

«ያለ ባሌስትራ» አለ ወንድሟ በአድናቆት።

ላሟን ወንዙ ዳር ካለ ዛፍ ጋር አሰሯት። ላም ነክቶ የማያውቀው የመጋረጃ ነጋዴ ቀንዷን ይዞ ዓይኑን ጨፈነ። ሐኪሟ ከላሟ አጠገብ ስትቆም ልቧ ደረቷን ደበደበው፤ ከአደጋው ወዲህ እንዲህ ያለ ትልቅ ላም ስትቀርብ ይህ መጀመሪያዋ ነው። የላሟን ጎን በእጇ ዳሰሰች፤ እስክትረጋጋ ጠበቀቻት፤ ራሷም ተረጋጋች። ከዚያ ያበጠውን ጡት እያለበች የቋጠረውን ወተት አወጣች፤ መድኃኒቱን በጡቷ ጫፍ ወደ ውስጥ ጨመረች፤ መርፌ ወጋች። ላሟ አንዴ እግሯን ስታነሳ ሦስቱም ሰዎች ትንፋሻቸውን ያዙ። ላሟ እግሯን መልሳ አስቀመጠች።

ሐኪሟ እጇን በወንዙ ውኃ ታጥባ መጥታ በመኪናው ወንበር ጫፍ ተቀመጠች፤ እግሮቿን ወደ ውጭ አደረገች። ወተት ሻጯ አጠገቧ ቆመች።

«መቼ ነው ታዲያ መልሰሽ የምታስነሺው?» አለቻት መኪናውን እያየች።

«አላስነሳውም፣ እትዬ። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት እዚህ እሆናለሁ። ለማዶው ሰው ሁሉ ንገሪልኝ። ጠንካራ እንጨት ያለው ደግሞ ይዞ ይምጣ፤ ላሞቹን የምንይዝበት አጥር እዚህ ዛፍ ሥር እንተክላለን። ከእንግዲህ ያለ አጥር ላም አልነካም።»

«ይሁን፤ እነግራቸዋለሁ። መነሳት ያቃታትስ? ምጥ የያዛትስ? ውኃ አታሻግሪያት።»

 ሐኪሟ ማዶውን አየች። አቀበቱን፣ የቆርቆሮ ጣሪያዎቹን፣ አጥሮቹን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ በየትኛው ግርግም ውስጥ የትኛዋ ላም እንደወለደች ትናገራለች። ትራክተሩን አስባ ነበር። በትራክተር ተጎትታ፣ ከትራክተር በሰው ታቅፋ ወርዳ... አይሆንም። ላሟ ወድቃ እያለች እሷ መንገድ ላይ ስትዘገይም አይሆንም።

ስልኳን አወጣች። የአዲሱን ሐኪም ቁጥር የሰጧት ቆይቷል፤ ደውላለት ግን አታውቅም። ወንድሟ ስሙን ስክሪኑ ላይ አይቶ ቀና አለ።

«ዶክተር» አለች ሲያነሳላት፤ ማን እንደሆነች ነገረችው። «የወንዙን ማዶ ልናካፍል ፈልጌ ነው። በእግሯ የምትመጣዋን ላም እኔ አያታለሁ። የወደቀችዋን አንተ ትሄድላታለህ። ሐሙስ ጠዋት ወንዙ ዳር ናልኝና ከሰዎቹ ጋር ላስተዋውቅህ።»