ሁለት ግራ እጅጌ

እኔ ጨርቅ ከመቁረጤ በፊት ዓይኔን እጨፍናለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ የሠራሁት እንዲህ ነው። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ ግራ እጄን ከላዩ አሳርፌ፣ ጸሎቴን በልቤ አደርሳለሁ። ከዚያ ዝም። ትንሽ ቆይቶ ልብሱ ተሰፍቶ፣ ባለቤቱ ለብሶት፣ መንገድ ሲሻገር ሁሉ ይታየኛል። ሲታየኝ መቀሴን አነሳለሁ።

በቀኝ እጄ ደግሞ መርፌ ስንገፋ ጣታችን ላይ የምናጠልቃትን የብረት ቆብ እይዛለሁ። እንቅልፍ ከወሰደኝ ጣቴ ይላላል፣ ቆቧ ወለሉ ላይ ቅጭል ትላለች፣ እነቃለሁ። ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ነፍሷን ይማረውና፣ ጸሎት ላይ የሚያንቀላፋ ሰው አትወድም ነበር።

ባለፈው ወር ግን ጉድ ሠራሁ። ለአንዲት መምህርት ካፖርት ስቆርጥ ሁለት ግራ እጅጌ አወጣሁ። ጨርቁ ፊትና ጀርባ አለው፤ የወረቀቱን ልክ ለአንዱ እጅጌ እንዳለ፣ ለሌላው ገልብጦ ነው የሚቆረጠው። ይህን ጀማሪ እንኳ ያውቀዋል። እኔ ሳልገለብጥ ቆረጥኩት። ጨርቁም አለቀ።

ሱቁን አሁን የሚመራው የበኩር ልጄ ነው። ቤት ውስጥ «አለቃ» ነው የምንለው፤ አፉን ከፈታ ጀምሮ ያዝዛል። እጅጌዎቹን አንጠልጥሎ መጣ።

«እማዬ፣ ይቺ መምህርት ሁለት ግራ እጅ ነው ያላት?»

«ሳቅብኝ፣ ይገባኛል።»

«አልሳቅኩም። አንቺ ቆመሽ ነው የምትተኚው። ዓይንሽን ስትጨፍኚ ጭልጥ ትያለሽ። ነገ ጣትሽን ልትቆርጪ ነው። ከዛሬ ጀምሮ መቀስ አትነኪም፤ ቁልፍ ትከዪ።»

ቁልፍ! ሦስት ቀን ቁልፍ ስተክል ዋልኩ። ጠረጴዛዬን የማየው በሩቁ ነው።

ሴቷ ልጄ ሐኪም ቤት፣ እንቅልፍ የሚመረመርበት ክፍል ነርስ ናት። ስታየን ሰለቻት። «ምን ያጨቃጭቃችኋል? እናስመርምራት» አለች።

አለቃም «ማሽኑ አልተኛችም ካለ መቀሱን እመልሳለሁ። ተኝታለች ካለ ግን አበቃ» አለ።

«እሺ» አልኩ። እኔ ምን ያስፈራኛል? ከማን ጋር ስነጋገር እንደኖርኩ አውቃለሁ።

ዶክተሩ መላጣ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ልጄ ራሴ ላይ ሽቦውን ሁሉ በሙጫ ስትለጥፍ እንደተበላሸ ሬዲዮ መሰልኩ።

«እናቴ፣ እንደለመዱት ያድርጉ» አለኝ ዶክተሩ።

ከቤት ያመጣሁትን ጨርቅ ጭኔ ላይ ዘረጋሁ፣ እጄን አሳረፍኩ፣ ቆቧን ያዝኩ። ዓይኔን ስገልጥ ሃያ ደቂቃ ሄዷል። ዶክተሩ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው።

«እዚህ ጋ የአንጎልዎ ሞገድ ዝግ ብሏል፤ አዩት? እንቅልፍ ደጃፍ ላይ የደረሰ ሰው እንዲህ ነው።»

«ይኸው!» አለ አብሮን የመጣው አለቃ ከበሩ።

«ቆይ አንተ። ዶክተር፣ እርስዎ ሁለቴ ሳሉ። የልጄ ስልክ ኪሷ ውስጥ ሦስቴ ነዘረ። ይሄ ደግሞ በር ላይ ቆሞ ጣቱን ሲያንቋቋ ነበር። ተው ብለው ብለው አልተወም።»

ልጄ ስልኳን አወጣች። ሦስት ጥሪ።

«ቆቧስ?» አለ ዶክተሩ።

እጄን ከፈትኩለት። ቁጭ ብላለች።

«እንግዲህ ሰውነትዎ አርፏል፣ እርስዎ ግን ነቅተዋል» አለ። «ሰው መንቃትና መተኛትን እንደ መብራት ያስበዋል፣ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። እንደዚያ አይደለም።»

«እስቲ እኔም ልጠይቅዎት። ሕልም ሳይ ተኝቻለሁ። ታዲያ ያን ሁሉ የሚያየው ማነው?»

«እሱን እኛም እየፈለግን ነው።»

«እናንተ ፈልጉ። እኔ ግን ነፍሴ ናት እላለሁ። የፈጠራት ስለማይተኛ እሷም አትተኛም።»

ሳቀና፣ «ያንን ካፖርት የቆረጡ ቀንስ እንዲህ ጨፍነው ነበር?» አለኝ።

አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ። የዚያን ቀን አለቃ ጀርባዬ ላይ ቆሞ «ቶሎ በዪ፣ መጣች እኮ!» ይለኝ ነበር። እጄን ጨርቁ ላይ አላሳረፍኩም። ጸሎትም የለ። እጄ ይቆርጣል፣ ሐሳቤ ያለው ዝናብ በሚያፈሰው የቤታችን ጣራ ላይ ነው።

«አልጨፈንኩም» አልኩ። «ዓይኔ ፈጦ ነው የቆረጥኩት። የተኛሁት ያን ቀን ነው።»

አለቃ ጫማውን ያያል።

«እኔ ነኝ ያጣደፍኩሽ» አለ።

«እምቢ ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። በል ና፣ አንተም ተቀመጥ።»

ቆቧን አስያዝኩት። ዓይኑን ጨፈነ። ዶክተሩ የኔን የምርመራ ወረቀት ፈርሞ ሳይጨርስ ቆቧ ቅጭል አለች፤ አለቃ አንገቱን ጥሎ ያንኮራፋል።

«መመርመር ያለበትስ ይሄ ነበር» አለ ዶክተሩ። እህቱ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

በማግስቱ ጠዋት መቀሴ ጠረጴዛዬ ላይ ጠበቀኝ። እጅጌ የጎደለውን ካፖርት ዘርግቼ እጄን አሳረፍኩ። መምህርቷ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ታየችኝ። ካፖርቱ ግራጫ፣ ሁለቱም እጅጌ ጥቁር። ያማረባት! ስትመጣ ያጠፋሁትን አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት፣ ያየሁትንም ነገርኳት። አሰበችና «ይሁን፣ እንዳዩት ይቁረጡልኝ» አለች።

ጥቁሩን ጨርቅ ዘርግቼ ዓይኔን ስጨፍን አለቃ ከኋላዬ «ቶ...» ብሎ ጀመረና ዋጠው። ወንበር ሲጎትት ሰማሁ።

«ይቀመጡ፣ መምህር» አላት ቀስ ብሎ። «ትንሽ ይጠብቁን። እናቴ ገና እያየች ነው።»