የቀዛፊዎቹ መዳፍ

ባሏ ለማያውቃት ሴት መዳፍ ሲያለቅስ ያየችው በተጋቡ በዓመቱ ነው። ያን ቀን ያቅለሸለሻት ነገር፣ የራሱ ሬሳ ከቤት ከወጣ በኋላም ከጉሮሮዋ አልወረደም።

«ጽናት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነበር» አለ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠ የሟቹ ደንበኛ፣ ሻዩን ፉት እያለ።

«ካፒቴን እኮ ነው!» አለ ሌላው።

ሟቹ ልብስ ሰፊ ነበር። ሰፈርተኛው ካፒቴን የሚለው፣ ካያክ በምትባል ወገብ በማታስዞር ጠባብ ጀልባ ባሕር ለባሕር ስለሚቀዝፉ ሰዎች ሲያነብ ስለሚውል ነው። እሱ ራሱማ ካፊያ ሲያይ ሱቁን ዘግቶ የሚሮጥ ሰው ነበር።

ማታ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ስትመለስ ጮክ ብሎ ያነብላት ነበር። «ስሚ፣ ስሚ! ጨው መዳፏን ልጦት በጨርቅ ጠቅልላ ስትቀዝፍ አደረች!» እንባውና ንፍጡ አፍንጫው ጫፍ ላይ ይቀላቀላል። እራቱን በረኪና ከበላው እጇ ይቀበላል፤ ዓይኑን ግን ከመጽሐፉ አይነቅልም። እሷም ግትር ናት። አይቶ ካልጠየቀኝ ነግሬው ልለምን? አለችና ዝም ብላ ኖረች።

አሁን፣ ለቅሶ ከተቀመጡት መሃል ጎረቤቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ነፍሱን ይማረውና፣ ተረከዜ ተሰነጣጥቆ መራመድ ሲያቅተኝ ያዳነኝ እሱ ነው። ቀዛፊዎቹ መዳፋቸውን የሚቀቡት ይኼን ነው ብሎ ቅባት ገዝቶ ሰጠኝ። ይኸው፣ ከቦርሳዬ አይለይም።»

«ለማን ነው የገዛው?»

«ለኔ ነዋ።»

«ለተረከዝሽ።»

«አዎ። ምነው እቴ?»

ሌላ ሰው የጎረሰውን ያጎረሷት ያህል አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

ይኼኔ አብሮት ይሰፋ የነበረው ታናሽ ወንድሙ መጽሐፍ ይዞ ተነሣ። «እትዬ፣ ሰው ሳይበተን የሚወዳትን ገጽ ላንብብ። ስንብት ትሁነው።» ጉሮሮውን ጠራረገ። «መዳፎቿ ተልጠው…»

«ዝም በል!»

ወንድምየው በጣቱ ገጹን እንደያዘ ቀና አለ።

«እትዬ፣ ሐዘን ቤት እኮ ነው…»

«ሐዘኑስ የማን ሆነና? አስቀምጠው።»

ከጎረቤቷ እጅ ቅባቱን ነጠቀች። እጆቿን ከጥቁር ሹራቧ እጅጌ ውስጥ አወጣች። በጣቶቿ መሃል ሥጋው ቀልቷል፤ ጥፍሮቿ ሥር ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቷል። ካፒቴን ያለው ሰውዬ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ።

«አትሽሽ፣ እይ እንጂ!» አለችው። ወደ ወንድምየው ዞረች። «ወንድምህ ለሰው አገር ሴት መዳፍ አልቅሷል። የኔን እጅ ግን አንድ ቀን ምን ነካው አላለም። በል፣ አንተ ቅባኝ። ሰው እያየ።»

«እኔ?»

«አዎ፣ አንተ።»

ፊት ለፊቷ በርከክ አለ። ቅባቱን በጣቱ ዝቆ ቀኝ መዳፏ ላይ አሸው። እሷ የምትጸየፈው መስሏት ጥርሷን ነክሳ ነበር። ግን ጣቶቹ መርፌ ያደደራቸው፣ ጫፋቸው እንደ ቀንድ የጠጠረ፣ የዚያው የሟቹ ዓይነት ጣቶች ነበሩ። የነከሰችውን ጥርሷን አላቀቀች።

ጨረሰና እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ሊነሣ ሲል፣ ምንም ሳትል ግራ መዳፏን ዘረጋችለት።